«አማረብህ» ያልኩት ቀን

ረጅም ጽሑፍ ነው። ጊዜ የሌላችሁ አስቀምጡትና ማታ አንብቡት።

የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። አስፈቅጄዋለሁ። ከመለጠፌ በፊት አንብቦ ሁለት ቦታ አስወጥቶኛል፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ይሄን አታለሳልሺው» ብሎኛል። ቤተሰብ ውስጥ ማወቅ ያለባቸው ሰዎች ቀድመው አውቀዋል፣ ስለዚህ ማንንም በፌስቡክ እያጋለጥኩ አይደለም። የምታውቁን ሰዎች ግን እባካችሁ ስሙን ከታች አትጻፉብኝ። ሌላ ደግሞ፣ ስንት ኪሎ ይመዝን እንደነበረና በቀን ምን ያህል ይበላ እንደነበረ አልጽፍም። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ከቁጥሩ ጋር መወዳደር ይጀምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሜሪላንድ የአክስታችን ልጅ ሰርግ ነበር። ወንድሜ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ገባ። ከስቷል። ጉንጩ ገብቶ ፊቱ ሹል ብሏል። አዳራሹ ውስጥ ያላደነቀው ሰው አልነበረም። «እንዴት አማረብህ!» «ያንን ቦርጭ የት ጣልከው?» «ሞዴል መሰልክ እኮ!» እኔ ደግሞ ከሁሉም ብሼ አንገቱን አቅፌ «ምን እየበላህ ነው? ለእኛም ንገረንና እንክሳ እንጂ» አልኩት። ሳቀ። ፎቶ ተነሳን። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ፤ ማጥፋት አልቻልኩም።

ከሰርጉ ሰባት ሳምንት በኋላ ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ስደርስ የልብ ምቱ በደቂቃ 38 ነበር፣ ፖታሲየሙ 2.6። የጤነኛ ሰው ፖታሲየም ከ3.5 በላይ ነው። እኔ ነርስ ነኝ። 2.6 ማለት ልብ በማንኛውም ሰዓት ምቱን ሊስት ይችላል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ያደረሰው ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ድንገተኛ ክፍል ብዙ ጠየቁት። ኮኬይን ትወስዳለህ? አልኮል? ኤችአይቪ ተመርምረሃል? ተቅማጥ አለህ? በዘር የሚተላለፍ የልብ በሽታ አለባችሁ? «ከምግብ ጋር እንዴት ነህ?» ያለው ማንም የለም። እኔም አላልኩትም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ ከበላህ በኋላ ሆን ብለህ አስመልሰህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። እኔ ልቆጣት ነበር። ወንድ ልጅ፣ ያውም የእኛ ቤት ልጅ! እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ «አዎ» አላት። ከመቼ ጀምሮ? «ከሃያ ሦስት ዓመቴ።» ያኔ 34 ዓመቱ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት ስንት ፋሲካ፣ ስንት ገና፣ ስንት ክርስትና አብረን በልተናል!

በዚያው ሳምንት ሁለተኛውን ነገር ነገረኝ። ወንድ እንደሚወድ። ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው እንደማያውቁም ነገረኝ። የምጽፈው ስለዚህኛው ነው። ምክንያቱም ወንድሜ ብቻውን አይደለም፣ የእኛም አነጋገርና የእኛም ገበታ እዚህ ጉዳይ ውስጥ እጃቸው አለበት ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ትንሽ ልበል፣ ብዙዎቻችን አናውቀውምና። የአመጋገብ መታወክ የሚባለው «ዳይት ማብዛት» አይደለም። የአእምሮ ሕመም ነው፤ ግን ልብን፣ አጥንትን፣ ጥርስን፣ አንጀትን ይጎዳል። አንዱ አኖሬክሲያ ነው፤ ሰው ራሱን ያስርባል፣ የቱንም ያህል ቢከሳ ለራሱ ወፍራም ሆኖ ይታየዋል ወይም መወፈርን ክፉኛ ይፈራል። ሁለተኛው ቡሊሚያ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ በልቶ ከዚያ በማስመለስ፣ በመድኃኒት ወይም ከልክ ባለፈ ስፖርት ለማካካስ መሞከር። ሦስተኛው ቢንጅ ኢቲንግ ይባላል፤ ሳይርብ፣ ተደብቆ፣ እስኪያም ድረስ መብላትና በኋላ በኀፍረት መቃጠል። ይሄ ሦስተኛው በአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ እንደ ሕመም የተመዘገበው በ2013 ነው። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በገዳይነታቸው ከፊት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። አብዛኛው ሰው ይሄን ሲሰማ የሚያስበው አንዲት ቀጭን ነጭ ኮረዳን ነው። ሐኪሞችም እንደዚያ ሲያስቡ ኖረዋል። ከ2013 በፊት የነበረው መመሪያ ለአኖሬክሲያ ምርመራ የወር አበባ መቋረጥን እንደ መስፈርት ይዞ ነበር። ወንድ ልጅ በምን ሒሳብ ይገኝበታል?

አሁን ቁጥር። በ2007 ማቲው ፌልድማንና ኢላን ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎችን አጥንተው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጌይ ወይም ባይሴክሹዋል ከሆኑት ወንዶች ከ15 በመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ወቅት ላይ የአመጋገብ መታወክ ወይም ግልጽ ምልክቶቹ ነበሩባቸው። ሴት ከሚወዱት ወንዶች ውስጥ ግን ከ5 በመቶ በታች። የሦስት እጥፍ ልዩነት ነው። «ይሄ የነጮች በሽታ ነው» ለምትሉኝ ደግሞ፣ በዚያው ጥናት ጥቁርና ላቲኖ የሆኑት ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ሰዎች ከነጮቹ ያነሰ ችግር አልተገኘባቸውም።

ለምን? ማየር ራሱ ለዓመታት የሠራበት ሐሳብ አለ፤ የአናሳነት ጫና ብንለው ያስኬዳል። ሰው የተገለለ ቡድን አባል ሲሆን ሁሉም ሰው ካለበት የኑሮ ጭንቀት በላይ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል። መሰደብ፣ መባረር አለ። ያ ባይደርስበት እንኳ ይደርስብኛል ብሎ ሲጠባበቅ መኖር አለ። መደበቅ አለ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ ሌላው ስለ እሱ የሚለውን ራሱ አምኖ ራሱን መጥላቱ ነው። ስለዚህ የሚያሳምመው ማንን መውደዱ አይደለም፤ ሸክሙ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፣ 15 በመቶ ታመመ ማለት ብዙኃኑ አልታመመም ማለት ነው። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው በ1973 ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990። በዚህ ጽሑፍ ሰበብ መልሳችሁ በሽታ እንድታደርጉት አልፈቅድም።

እኔ ግን ቁጥሩ የገባኝ ወንድሜ በራሱ አፍ ሲያስረዳኝ ነው።

«ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ሴታሴት ይሉኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ?» አለኝ። አስታውሳለሁ። እኔም አንዳንዴ ብዬዋለሁ። «ከዚያ በኋላ እጄን እንዴት እንደምይዝ፣ እንዴት እንደምራመድ፣ ስቀመጥ እግሬን የት እንደማደርግ ሳስብ ነው የኖርኩት። ሰውነቴ ሁልጊዜ ሊያጋልጠኝ የተዘጋጀ ጠላት ነበር።» መጀመሪያ ጂም ገባ፣ ጡንቻ አወጣ። ደረት ያለው ወንድ ማን ሴታሴት ይለዋል? ሁላችንም አጨበጨብንለት። አሜሪካ መጥቶ እንደሱ ካሉት ሰዎች ጋር ሲተዋወቅ ደግሞ ሌላ ሚዛን ጠበቀው። በስልክ መተዋወቂያው ላይ ፊት የሌለው ራቁት ደረት ተደርድሯል፤ «ወፍራም አልፈልግም፣ ሴታሴት አልፈልግም» ብለው በግልጽ የሚጽፉ አሉ። የሰፈሩን ስድብ ሸሽቶ መጣ፣ ስድቡ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ጠበቀው።

ስለ ኤችአይቪም አወራን። እኛ ያደግንበትን አዲስ አበባ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ የከሳ ሰው ሁሉ ይታማ ነበር። «ከስቷል አይደል?» ሲባል ሁሉም ምን ለማለት እንደተፈለገ ይገባዋል። መወፈር ጤና ነበር፣ መመስገኛ ነበር። እዚህ አሜሪካም በ1980ዎቹ ብዙ ጌይ ወንዶች ጓደኞቻቸው በስተው አጥንት ሆነው ሲሞቱ አይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጡንቻ የማውጣት ፉክክር ውስጥ «እኔ አልታመምኩም» የሚል ማስታወቂያ እንዳለበት ብዙዎች ጽፈዋል። ወንድሜ የሁለቱም ፍርሃት ወራሽ ነው። ከከሳ ይታማል፣ ከወፈረ ይናቃል። «የትኛው ኪሎ ላይ ነው ሰው የሚተወኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ «አታለሳልሺው» ወዳለኝ ቦታ መጣሁ።

«እኛ ቤት ምግብ ብቻውን ቀርቦ አያውቅም» አለኝ። «ከጥያቄ ጋር ነው የሚቀርበው።»

እስቲ አስቡት። የእኛ ሰው የሚሰበሰበው በማዕድ ነው። ትሪው መሐል፣ ሰው ዙሪያውን። እጅህ ወጡ ላይ እያለ ነው «አንተስ? ሰርግህን መቼ ነው የምንበላው?» የሚመጣው። ሰርግ «እንበላለን» እኮ ነው የምንለው! እንግዲህ ያ ልጅ ምን ይላል? ይዋሻል። «በቅርቡ» ይላል። ይስቃል። ከዚያ አክስት ትነሳና ታጎርሰዋለች። ጉርሻ እንቢ አይባልም፤ እንቢ ካልክ ናቅከኝ ነው። ፍቅርና ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም እንላለን አይደል? ለወንድሜ ተረት አልነበረም። ውሸቱንም ጉርሻውንም አንድ ላይ ይውጣል። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ሁለቱንም እዚያ ጥሎ ይወጣል። «ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ንጹሕ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። «አንድ ሰዓት ብቻ።»

በኋላ ላይ መብላቱንም ተወው። ካልበላህ ትሪው ዙሪያ አትቀመጥም፣ ካልተቀመጥክ አትጠየቅም። እዚህ ላይ ነው ጾም የመጣው።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ፣ ጾምን አልነካም። ግን እውነቱን እንነጋገር። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ነነዌ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ገና። ወንድሜ ከዚህም አልፎ የጽጌን የፈቃድ ጾም ያዘ፣ ከዚያ የራሱን ሱባዔ ጨመረበት፣ የጾሙን ሰዓት እስከ ምሽት ገፋው። ማንም አልጠረጠረም። እንዲያውም እማዬ በስልክ «ልጄ ጸሎተኛ ሆነልኝ» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። የሚጾመው ለእግዚአብሔር ቢሆን ፋሲካ ሲመጣ ይደሰት ነበር። እሱ ግን ፋሲካን ይፈራ ነበር። ጾሙ ሲፈታ መደበቂያው አብሮ ይፈርሳላ! ይሄን ምልክት ያዙት፤ ጾም ሲገባ እፎይ የሚል፣ ሲፈታ የሚጨነቅ ሰው ካያችሁ ጉዳዩ ጾም ላይሆን ይችላል። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸና አባቶች ያስተምራሉ። በእስልምናም በሽተኛ በረመዳን እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል። ይሄ ሕመም እንደ ስኳር፣ እንደ ጨጓራ ሕመም ነው። ለንስሐ አባቱ ወይም ለኢማሙ በድፍረት የሚነግር ሰው ያስፈልገዋል።

«ሴቶቹስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለረጅም ጊዜ፣ ሴት የምትወድ ሴት ለወንድ ዓይን ስለማትጨነቅ ከዚህ ሕመም ትጠበቃለች የሚል ግምት ነበር። ማስረጃው ያን ያህል ቀና አይደለም። ቅድም በጠቀስኩት ጥናት እነሱና ሌሎቹ ሴቶች መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ ማለትም አልተጠበቁም። የወንድሜ አንዲት ጓደኛ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ይሄን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ቤተሰቦቿ ከሃያ አምስት ዓመቷ ጀምሮ «ትንሽ ቀነስ በይ፣ እንዲህ ሆነሽ ማን ያገባሻል?» ይሏት ነበር። እሷ ደግሞ መወፈሯን እንደ ግንብ ያዘችው። «ወፍራም ስለሆንኩ ነው የማላገባው ብለው ካመኑ፣ እውነተኛውን ምክንያት አይፈልጉም» አለችኝ። ሁሉም ሲተኛ ማድ ቤት ጨለማ ውስጥ ቆማ ትበላለች፣ ጠዋት እየተሳደቡ ያነቋታል። በሰው ፊት ስትበላ ያያት የለም። እሷም ለዓመታት ሕመም መሆኑን አላወቀችም፤ «ሆዳም ነኝ» ብላ ነው የኖረችው።

አየሽ፣ አየህ፣ አንዱ መክሳትን ግድግዳ አደረገ፣ አንዷ መወፈርን። ከግድግዳው ወዲህ የቆምነው ግን ያው እኛው ነን።

አሁን ደግሞ ስለምጠብቀው ተቃውሞ።

የመጀመሪያው የራሴ ነበር። ወንድሜ ሲነግረኝ በሆዴ ያልኩት «እነዚያ ጓደኞቹ ናቸው ያበላሹት፣ ከእነሱ ባወጣው ይድናል» ነበር። ተሳስቼ ነበር። ያ የ2007ቱ ጥናት ይሄንንም አይቷል። እንደነሱ ካሉ ሰዎች ጋር ለስፖርትና ለመዝናኛ በሚሰባሰቡ ቡድኖች መሳተፍ ከችግሩ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፣ አልክድም። ነገር ግን «የዚህ ማኅበረሰብ አካል ነኝ» የሚል ስሜት ያላቸው ጌይና ባይሴክሹዋል ወንዶች ላይ የወቅቱ የአመጋገብ ችግር ያነሰ ነበር። ማለትም የደረት ፉክክሩ ይጎዳል፣ ወዳጅነቱ ግን ይጠብቃል። ወንድሜ ሆስፒታል እያለ በየማታው ተራ ገብተው አጠገቡ ያደሩት እነዚያው ጓደኞቹ ናቸው። ሦስቱ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። ቃሉን ስሰማ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ በኋላ ሲገባኝ አለቀስኩ። አገር ቤት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እስር የሚያስፈራራበት ሰው ለራሱ የመረጠው ስም «ዜጋ» ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ኃጢአት ነው፣ ምን አስጨነቀሽ?» የሚለው ነው። ከማንም ጋር በሃይማኖት አልከራከርም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የእናንተ ሃይማኖት፣ ሰው በሞላ ማዕድ ፊት ተቀምጦ በረሃብ እንዲሞት ያዛል? አይመስለኝም። እንግዲያው እሱ እስኪተርፍ ድረስ ክርክሩን አቆዩልኝ።

ሦስተኛው «ወፈርክ ከሳህ ማለት እኮ ባህላችን ነው፣ ፍቅር ነው» የሚለው። እውነት ነው፣ ውስጡ ፍቅር አለበት። እማዬ በቪዲዮ ስትደውል መጀመሪያ የምታየው ጉንጫችንን ነው፤ ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ልጇ መብላት አለመብላቱን ለማወቅ ሌላ ምን መንገድ አላት? ግን እኔም በፍቅር ነው «አማረብህ» ያልኩት። እሱ ሲሰማው «ሳልበላ ስቀር ነው የምትወዱኝ» ተብሎ ነው የተተረጎመው። ሐኪሟ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ ነው የባሰበት። ይሄን ፍቅር ነበር ብዬ ልተወው አልችልም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? እንደ እህትም እንደ ነርስም የምለው ይሄን ነው።

አንድ፣ በሰው ሰውነት ላይ አስተያየት መስጠት እናቁም። ለከሳውም፣ ለወፈረውም። ስንገናኝ የምንለው አጣን እንዴ? «ናፍቀኸኝ ነበር» አለ። «እንዴት ከረምሽ» አለ። ይበቃል።

ሁለት፣ ትሪ ዙሪያ የተቀመጠን ሰው ስለ ትዳር አትጠይቁት። ሊነግራችሁ የሚፈልገው ነገር ካለ ራሱ ይነግራችኋል። ጉርሻውንም አንድ ጊዜ «ይበቃኛል» ካለ ተዉት።

ሦስት፣ ምልክቶቹን እወቁ። ከበላ በኋላ ወዲያው መታጠቢያ ቤት መግባት፣ «በልቼ ነው የመጣሁት» ማብዛት፣ ብርድ መፈራት፣ ሲነሱ ማዞር፣ የጥርስ መበላት፣ ሲታመሙም ሲደክሙም ስፖርት አለማቋረጥ፣ ከበዓል መቅረት። በሰውነቱ መጠን አትፍረዱ፤ ሰው ሳይከሳም በጣም ሊታመም ይችላል። ወንድሜ ከአሥራ አንዱ ዓመት አብዛኛውን ያሳለፈው «ጤነኛ» መስሎ ነው።

አራት፣ ይሄ በጣም አስፈላጊ ነው። ለረጅም ጊዜ ራሱን ያስራበን ሰው ቤታችሁ ወስዳችሁ በፍቅር ብዛት በአንዴ እንዳታጎርሱት! ሰውነት ከረጅም ረሃብ በኋላ ምግብ በድንገት ሲያገኝ ደም ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ይወርዳል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። ምግብ ቀስ ተብሎ፣ በሐኪም ክትትል ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ የደም ምርመራና የልብ ምርመራ። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ እማዬ በዶሮ ወጥ ልትገድለው ነበር ብሎ አሁን ይስቃል።

አምስት፣ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ጠይቁ። ወንዱንም፣ ጥቁሩንም፣ አርባ ዓመት የሞላውንም። አንድ ጥያቄ ናት፣ ደቂቃ አትፈጅም። ጌይ ነኝ ያለን ሰው ስለ ኤችአይቪ ብቻ ጠይቀን የምንሸኘው እስከ መቼ ነው?

ስድስት፣ ይሄን የምታነቡ፣ ራሳችሁን እዚህ ውስጥ ያያችሁ ሰዎች። ሁለቱን ምሥጢር በአንድ ጊዜ መናገር የለባችሁም። ለሐኪም የመጀመሪያውን ብቻ መናገር ይቻላል፤ «ከምግብ ጋር ችግር አለብኝ» ብቻ። ሕክምና አለው፣ ሰው ይድናል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ነገሩ ከአቅም በላይ የሆነ ቀን 988 ይደወላል፣ ሌሊትም ቢሆን።

ወንድሜ አሁን እንዴት ነው? ደህና ነው፣ ግን «ዳነ» ብዬ አልዋሽም። ጥሩ ሳምንት አለው፣ መጥፎ ሳምንት አለው። የሥነ ልቦና ሐኪምና የአመጋገብ ባለሙያ ያዩታል። እማዬ ታውቃለች። ስለ ጉዳዩ አታወራም፣ አልተቀበለችውም፣ ምናልባትም አትቀበለው ይሆናል። ግን «አግባ» ማለት አቁማለች። በስልክ ስትደውልም ጉንጩን ማየት ትታ «ዛሬ ምን ዋልክ?» ትለዋለች። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም።

ባለፈው ፋሲካ እኔ ቤት ነበርን። ወንድሜ መጣ፣ ተቀመጠ፣ እንጀራ ቆረሰ። አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ዘግይተው ገቡና ገና ከበሩ «ኦ! ወፈር ብለሃል እኮ! ተመስገን!» አሉት። ከልባቸው ነው፤ ታሞ እንደነበረ ሰምተዋል። እጁ ትሪው ላይ ቆመ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ» አለ። «ስለ ኪሎዬ ይተዉትና ስለ ሥራዬ ይጠይቁኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ ግራ ተጋቡ። ከዚያ ወንበር ሳቡ፣ ተቀመጡ፣ «እሺ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አሉት።

ነገራቸው። እየነገራቸው በላ። ሁሉንም አልጨረሰም፣ ማንም አልቆጠረበትም። መታጠቢያ ቤትም አልሄደም። እኔ ግን ዓይኔን ከበሩ ላይ አላነሳሁም ነበር፤ እኔም ገና እየዳንኩ ነው።

መሳደብ የምትፈልጉ እኔን ስደቡ፣ አልሰርዘውም። እሱን የሚነካ ግን እሰርዛለሁ። ለሚጠቅመው ሰው ደግሞ በውስጥ ላኩለት፣ ስሙን ሳትጠሩ።